ባጁ ሌላ፣ ቀፎው ሌላ፦ የድሮ የአሜሪካ ድራም ለድሬዳዋና ለሐረር ገዢ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ለመዘምራን፣ ለሆቴል ባንድ ወይም ለሠርግ ቡድን የድሮ የአሜሪካ ድራም ሊያስመጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የባጁን (ድራሙ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ምልክት) ስም ነው፦ ሉድዊግ፣ ግሬች፣ ሮጀርስ፣ ስሊንገርላንድ፣ ካምኮ። ዋጋውም በዚያው ይቆረጣል። እንጨቱን የጠቀለለው ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ባጁ ላይ ያለው ፋብሪካ አይደለም። ከእነዚህ አምስት ሦስቱ ቀፏቸውን፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበትን ክብ የእንጨት አካል፣ ከፋብሪካቸው ውጭ ያሠሩ ነበር፤ ያውም በአንድ ወቅት ሦስቱም ከአንድ ቤት። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው ቀፎውን ነው፦ ማን ሠራው፣ በምን እንጨት፣ የድሬን ሙቀትና ደረቅ አየር የሚችለውስ የቱ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያ አንድ ቤት ጃስፐር ነው። ጃስፐር በደቡብ ምዕራብ ኢንዲያና የምትገኝ፣ ጀርመኖች የሠፈሩባት፣ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። እዚያ የነበረው ጃስፐር ውድ ፕሮዳክትስ የኮምፔርሳቶ ፋብሪካ እንጂ የሙዚቃ መሣሪያ ቤት አልነበረም። ስስ ልጣፎችን እያነባበረ ክብ አድርጎ ይጠቀልልና ባዶውን ቀፎ ለግሬች፣ ለካምኮና ለሮጀርስ ይሸጥላቸዋል። ቀዳዳውን መብሳት፣ ጠርዙን መቁረጥ፣ ላጉን (የቆዳው መወጠሪያ ብሎን የሚገባበትን ብረት) እና ባጁን መግጠም የእነሱ ሥራ ነበር። የዛሬ ሰብሳቢዎች «የጃስፐር ቀፎ» እያሉ በስሙ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

በጃስፐር እንጨት ብዙ የተወራለት ግሬች ነው። ፋብሪካው ብሩክሊን በነበረበት ዘመን መጀመሪያ ባለ 3 ንብርብር ቀፎ፣ ከላይና ከታች የማጠናከሪያ ቀለበት እየተደረገለት ይሠራ ነበር። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ቀለበቱ ቀርቶ ባለ 6 ንብርብሩ የጃስፐር ቀፎ ቦታውን ያዘ፤ እንጨቱ ሜፕልና ገም የሚባሉት የአሜሪካ ዛፎች ናቸው። ገም ብቻውን ጣውላ ሆኖ ሲደርቅ የሚጣመም አስቸጋሪ እንጨት ነው። ከሜፕል ጋር ሲነባበር ግን አንዱ ልጣፍ በአግድም፣ ሌላው በቁም ስለሚተኛ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ክብደቱም ቀለል ይላል፦ ጠንካራው ሜፕል ደርቆ በሜትር ኩብ 705 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ገም 545 ገደማ ነው። የግሬች ቶም (የስብስቡ መካከለኛ ድራም) ሲመታ ድምፁ ወፈር ብሎ ቶሎ የሚሰበሰበው አንድም በዚህ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ጠርዙ ነው። ግሬች ጠርዙን በ30 ዲግሪ ስለሚቆርጥ ቆዳው ሰፋ ባለ እንጨት ላይ ያርፋል፤ ጩኸቱም ይቀንሳል። ማይክ ለሚያበዛ ስቱዲዮ ይህ ወርቅ ነው። አዳራሹ ሰፊ፣ የድምፅ መሣሪያው ደካማ ለሆነ የሠርግ ቡድን ግን ከኋላ ወንበር ላይሰማ ይችላል።

የግሬችን የውስጥ ግድግዳ አንዴ ያየ አይስተውም። ቆዳው ሲነሳ ውስጡ በሙሉ የብር ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ስስ ስለሆነ የእንጨቱ መስመር ከሥሩ ይታያል፣ በላጎቹ ብሎኖች ዙሪያ ደግሞ ተፋፍቆ ቡናማው ወጥቷል። ይህ ቀለም ማስረጃችሁ ነው። ሻጩ «አጽድቼላችሁ» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆት ከሆነ ዋጋው ላይ ተከራከሩ፤ ድምፁን ስላበላሸው ሳይሆን ማንነቱን የሚመሰክረውን ስላጠፋው ነው። ክቡ ባጅ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ያገለገለው ነው፤ ስምንት ማዕዘኑ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ፋብሪካው በ1967 ባልድዊን ለተባለው ፒያኖ ሠሪ ተሸጦ ወደ አርካንሳስ ስለተዛወረ የባለ ስምንት ማዕዘኑ ሥራ ወጥ አይደለም፤ ከዚያ ዘመን የሚገዛ ሰው ጠርዙን ሁለት ጊዜ ይመርምር።

የግሬች ዋና ችግር ልክ ነው። በክብ ባጁ ዘመን የተሠሩት ቀፎዎች ዲያሜትራቸው ሞላ ያለ ነው። 14 ኢንች ማለት 355.6 ሚሊሜትር ነው፤ ዛሬ የሚሠራ የ14 ኢንች ቀፎ ቆዳው በነፃነት እንዲገባ ከዚያ ጥቂት ሚሊሜትር ያንሳል። የድሮው ግሬች ላይ ግን የቆዳው የብረት ቀለበት የቀፎውን ግድግዳ እየፋቀ ይወርዳል ወይም ከነጭራሹ አይገባም። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አዲስ ቆዳ ጣል አድርጋችሁ በጣት ስታዞሩት በነፃነት ካልዞረ ጠቧል። ቢገባም ባንድ በኩል ስለሚይዝ ላጎቹን እኩል ብታጠብቁም ድምፁ በአንዱ ጎን ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይላል። መድኃኒቱ ቀፎውን መፋቅ አይደለም! አኳሪያን አሜሪካን ቪንቴጅ የሚባለው ቆዳ ለዚሁ ተብሎ በመጠኑ ሰፍቶ የተሠራ ነው። ድራሙ ከመጫኑ በፊት ሙሉ ስብስብ አብራችሁ እዘዙ፤ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ የምታገኙት ዕቃ አይደለም።

ካምኮ የጃስፐርን እንጨት ወስዶ የማጠናከሪያ ቀለበት ጨመረበት። ቀለበት ያለው ቀፎ ክብነቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥሩ ድራም ነው። ነገር ግን በብዛት ስላልተሠራ ውድ ነው፤ አንድ ላግ ቢሰበር ምትክ ፍለጋው ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ኋላ ማሽኑን ድራም ዎርክሾፕ የተባለው ድራም ሠሪ ኩባንያ ስለገዛው ስሙ ዛሬም በባለሙያ አፍ አለ። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለሆቴል አንመክርም።

የሮጀርስ ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ኮቪንግተን፣ ኦሃዮ በነበረበት ጊዜ ባለ 5 ንብርብር የሜፕል ቀፎ ከነቀለበቱ ይጠቀም ነበር፤ መጀመሪያ ከጃስፐር፣ ቀጥሎ ከኬለር። ኬለር ፕሮዳክትስ የማንቸስተር፣ ኒው ሃምፕሸር ፋብሪካ ነው፤ ኋላ ላይ ለግሬች ራሱም ሆነ ለበርካታ ትናንሽ ድራም ሠሪዎች ቀፎ ያቀረበው እሱ ነው። የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ በ1966 ሮጀርስን ከገዛ በኋላ ሥራው ወደ ፉለርተን፣ ካሊፎርኒያ ተዛወረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የወጣው ኤክስፒ 8 ደግሞ ስሙ እንደሚለው ባለ 8 ንብርብር የኬለር ሜፕል ነው፤ ቀለበት የለውም፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። ድምፁ ብሩህና ጠንካራ ነው፤ ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላል። ሰብሳቢዎች የኦሃዮውን ስለሚያሳድዱ ኤክስፒ 8 በአንጻሩ ረከስ ይላል። ደካማ ጎኑ ክብደቱ ነው። በዚያው ዘመን የወጣው ሜምሪሎክ የሚባለው ማቆሚያም ከባድ ብረት ስለሆነ መድረክ ለመድረክ የሚዞር ቡድን ወገቡን ያዘጋጅ።

የቀሩት ሁለቱ፣ ሉድዊግና ስሊንገርላንድ፣ ቀፏቸውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር።

ሉድዊግ በቺካጎ፣ ዴመን ጎዳና ላይ በነበረው ፋብሪካው በ1960ዎቹ የሠራው ባለ 3 ንብርብር ከነሜፕል ቀለበቱ ነው፤ መሀሉ ፖፕላር፣ ግራና ቀኙ ማሆጋኒ ወይም ሜፕል። ፖፕላር በሜትር ኩብ 455 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቀፎው ቀላል፣ ድምፁ ሞቅ ያለና ዝቅ ያለ ነው። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ይኸው ስለሆነ መለዋወጫውም አያሳስብም። የመለያ ቁጥር የጀመረው ከ1963 መጨረሻ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ጥቂት ዓመት ቆይቶ በብዙዎቹ የውስጥ ግድግዳ ላይ ቀን በቀይ ቀለም ታትሞ ይገኛል፤ ከቁጥሩ ይልቅ ማኅተሙን እመኑ፣ ምክንያቱም ባጅ ከድራም ወደ ድራም ይዛወራል። ኪስቶን የሚባለው ባጅ እስከ 1969 ነው፤ ሰማያዊና ወይራ ቀለሙ ከዚያ ወዲህ ነው። በ1976 ቀለበቱ ቀርቶ ባለ 6 ንብርብር ሆነ። ስመ ጥሩ የ1960ዎቹ ሞዴል ስለሆነ የባለ 6 ንብርብሩ ዋጋ ይቀንሳል። ለእኛ አየር ግን ስድስቱ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

የስሊንገርላንድ የ1960ዎቹ ቀፎ ከሉድዊግ ጋር ቅርብ ዘመድ ነው፤ ባለ 3 ንብርብር ከነቀለበቱ፣ ፋብሪካው ናይልስ፣ ኢሊኖይ። በ1970ዎቹ ቀለበቱን ትቶ ወደ ባለ 5 ንብርብር ዞረ። የዚህ ዘመኑ እንጨት ጥሩ ሆኖ ጠርዝ አቆራረጡ ግን ችኮላ ይታይበታል፤ አንዱ ቶም ልክ፣ ጓደኛው ወለም ያለ ሆኖ ይገኛል። ርካሽ ከሆነና ጠርዝ የሚያስተካክል ሰው ካላችሁ አትለፉት። ሬዲዮ ኪንግ የሚባለው ስኔሩ (ከሥር ሽቦ ያለው ጠፍጣፋ ድራም) ግን ለብቻው ነው፦ ከአንድ የሜፕል ጣውላ በእንፋሎት ታጥፎ የተሠራ፣ ንብርብር የሌለው። ድምፁን የሚተካ የለም። ለድሬ ግን እጅግ አስጊው እሱ ነው።

ሜፕል ከእርጥብ እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ 10 በመቶ ገደማ፣ ወደ እምብርቱ አቅጣጫ 5 በመቶ ገደማ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን ከቁጥር አይገባም። በአንድ ጣውላ ድራም ላይ የእንጨቱ ቁመት ዙሪያውን ይሄዳል። ስለዚህ ሲደርቅ የሚያጥረው የድራሙ ከፍታ ነው። ላጉ የተያዘበት ቦታ ይወጠራል፣ ስንጥቁም ከብሎን ቀዳዳው ተነስቶ ዙሪያውን ይሄዳል። በንብርብር ቀፎ አንዱ ልጣፍ ሌላውን ስለሚይዝ ይህ አይታይም። የሚታየው የሙጫ መላቀቅ ነው፤ እሱም የሚጀምረው ከማጠናከሪያ ቀለበቱ ነው፣ ምክንያቱም ቀለበቱ ለብቻው ተጣብቆ የኖረ ክፍል ነው። ባለ 6ቱንና ባለ 8ቱን የምናስቀድመው በዚህ ነው፤ የሚላቀቅ ቀለበት የላቸውም።

የእኛ አካባቢ ፈተናው ድርቀት ብቻ አይደለም፣ መለዋወጡ ጭምር ነው። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ በኮንቴይነር ውስጥ እርጥብ ሙቀት ይጠጣል፤ ከዚያ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ደረቅ ድሬ ይገባል፤ ቅዳሜ ደግሞ በደንገጎ ሽቅብ 1,900 ሜትር ወደሚጠጋው ሐረር ለሠርግ ይወጣል። ሲደርስ ወዲያው ከመጥበቅ ይልቅ ብሎኖቹን በጣት ልክ አላልታችሁ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በራቀ ክፍል ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀመጥ። የአየር ማቀዝቀዣና ማራገቢያ ፊት ለፊት አታድርጉት። ሐረር ለሚጫወት ቡድን ደግሞ ድራሙ ከመኪና ወርዶ አንድ ሰዓት ሳይቆይ መቃኘት ሁለተኛ ሥራ መፍጠር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ወይም እዚያ ያለ ዘመዳችሁን የምታስለኩት ይህን ነው። ቆዳዎቹ ይውለቁ። ዲያሜትሩ በላይኛውም በታችኛውም ጠርዝ በአራት አቅጣጫ በሜትር ይለካ፤ ልዩነቱ እስከ 1.5 ሚሊሜትር ከሆነ ጤነኛ ነው፣ እስከ 3 ድረስ ይቻላል፣ ከ4 በላይ ክብነቱን ስላጣ ይቅር። ቀጥሎ ቀፎው ወፍራም መስታወት ላይ ተገልብጦ ይቀመጥና ክፍሉ ጨልሞ ባትሪ ከውስጥ ይብራ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ጠርዙ የተጎዳበት ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ አንድ ወረቀት ከገባ ቀላል፣ አምስት ተደርቦ ከገባ የፋብሪካ ችግር ወይም የመጣመም ነው። ቀለበት ያለው ከሆነ ዙሪያውን በጣት አንጓ ይንኳኳ፤ የተላቀቀበት ቦታ ይንጫጫል። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹ ይቆጠሩ። ባጅ በኢንተርኔት ይሸጣል፣ ልባሱም (የቀፎው የውጭ ሽፋን) ይለወጣል፤ ተጨማሪ ቀዳዳ ግን አይደበቅም፣ ከውስጥ በኩል ይታያል።

ጥገናው በድሬ ይቻላል፣ ሰውና ዕቃ ከተመረጠ። የተላቀቀ ቀለበት ነጭ የእንጨት ኮላ በመርፌ ተወግቶለት፣ በእንጨት ሽብልቅ ተወጥሮ፣ በሞርሳ ተይዞ 24 ሰዓት ይደር። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ስለሚሰባበር ንዝረት አይችልም። የተነሳ ልባስ በማስቲሽ ይመለሳል፤ ነገር ግን የድሮ ልባስ ሴሉሎይድ ስለሆነ በእሳትም ሆነ በሙቅ አየር መሣሪያ አትቅረቡት፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ድርቀት ሲበዛበትም ይኮማተርና ከላጉ ቀዳዳ ተነስቶ ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ ከመጎተት እንዳለ መተው ይሻላል።

ጠርዝ ማስተካከል ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። 150 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ ይለጠፍ። ጠርዙ ዙሪያውን በእርሳስ ይቀባ። ቀፎው በሁለት እጅ ሳይጫኑት ክብ እየተደረገ ይታሽ፤ ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ ሩብ ዙር እያዞሩ፣ አለበለዚያ እጅ የሚበረታበት ጎን ዝቅ ይላል። እርሳሱ ዙሪያውን ሲጠፋ ማቆም ነው። 220 ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ ንጹሕ ሰም። ከዚህ አልፎ ማዕዘኑን እንደገና ማስቆረጥ ካስፈለገ ራውተር (የእንጨት ጠርዝ መቁረጫ ማሽን) በጠረጴዛ ላይ የተገጠመለት አናጢ ይፈለግ፤ በእጅ ይዞ የሚቆርጥ ከሆነ አመስግናችሁ ተመለሱ። ማዕዘኑንም ለአናጢው ጽፋችሁ ስጡት። ለግሬች 30 ዲግሪ ነው። የሉድዊግና የስሊንገርላንድ የ1960ዎቹ ጠርዝ ከውጭ በኩል ለዘብ ያለ ክብ ነው። «ዘመናዊው ይሻላል» ብሎ ሁሉንም በ45 የሚቆርጥ ሰው የገዛችሁትን ድምፅ ቆርጦ ጣለው ማለት ነው።

ብሎን ሲጠፋ ሱቅ ሮጦ ኤም 6 መግዛት የተለመደ ጥፋት ነው። የአሜሪካ ድራም ብሎን 12-24 የሚባል ክር ነው፤ ውፍረቱ 5.5 ሚሊሜትር ገደማ፣ በኢንች 24 ጥርስ። ኤም 6 ወፍራም ስለሆነ ሁለት ዙር ገብቶ ይይዛል፣ በቁልፍ ሲገፉት የላጉን የውስጥ ክር ይልጠዋል። ኤም 5 ደግሞ ይገባና ሲጠብቅ ይመልጣል። ከድራሙ ጋር አሥር ትርፍ ብሎን ይምጣ።

ፍርዳችን ይህ ነው። ለመዘምራን፣ ለሆቴልና ለሠርግ ሮጀርስ ኤክስፒ 8 ይቅደም፤ ካልተገኘ ከ1976 ወዲህ ያለው ባለ 6 ንብርብር ሉድዊግ። ለቀረጻ የሚፈልግና ቆዳ ከውጭ ማዘዝ የማይከብደው ጃስፐር ቀፎ ያለውን ግሬች ይግዛ። የ1960ዎቹ ሉድዊግ ቀለበቱ ከተመረመረ መልካም ነው፤ ሐረር ለሚቀመጥ ድራም ከድሬው ይልቅ ሥጋቱ ያነሰ ነው። ሬዲዮ ኪንግ ለሰብሳቢ ብቻ፣ በሳጥኑ ውስጥ ለሚያኖረው።

ከሰው ጋር በሻንጣ ለሚያስመጣ፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች የአንዱን ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ደምረው 158 ሴንቲሜትር ላይ ይገድባሉ። 22 በ14 ኢንች ቤዝ ድራም ቀፎው ብቻ 56፣ 56ና 36፣ በድምሩ 148 ነው፤ ስለዚህ ለካርቶኑና ለስፖንጁ የሚተርፈው 10 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ከውጭ የወጡት ላጎች ቦታ ስለሚወስዱ ይፈቱ፣ የየድራሙ ላግና ብሎን በየራሱ ከረጢት ስም ተጽፎበት ይታሰር። 16 ኢንቹ ፍሎር ቶም (መሬት ላይ የሚቆመው) ቤዙ ውስጥ፣ 12 ኢንቹ ቶም ፍሎሩ ውስጥ ይገባል፤ የፍሎሩ ከፍታ ከቤዙ 14 ኢንች ከበለጠ ግን ትርፉ ከዚያው 10 ሴንቲሜትር ላይ ይቀነሳል፤ በመካከላቸው ጨርቅ ይጠቅለል። የቤዙ የእንጨት ሆፖች (ቆዳውን የሚይዙት ክብ ክፈፎች) ከቀፎው ስለሚሰፉ ለብቻቸው ይላኩ።